የዘጋሁት ማስተካከያ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን የምለው አንገቴን ደፍቼ አይደለም። ቅናት የደካማ ሰው በሽታ ነው እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚቀኑለት ነገር ኖሯቸው አያውቅም። እኔ ነበረኝ። ሮቤ ከተማ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጠባብ ቢሮ፣ ሁለት ወንበርና ብሩህ የሚባል ሰው ነበረኝ። ሰውየው የእኔ አለመሆኑን የተረዳሁት በሰባት ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ነው።

ብሩህን ያገኘሁት ሲናና ውስጥ፣ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ነበር። ሕግ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ጎባ ካለው ከአባቴ ቤት እየተመላለስኩ ለማኅበራት ውል እጽፋለሁ። የዚያን ቀን ገበሬዎቹ የተሰበሰቡት በኮምባይነር ተራ ሊጨቃጨቁ ነው። እኛ አገር ስንዴ ሲደርስ የሚያጭደው ኮምባይነር ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ይፈልገዋል፤ ሰማዩ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ተራው በደብተር ይያዛል። ደብተሩ ላይ ስም ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ የሊቀ መንበሩ አጎት ከመሃል ይገባል።

አንድ ቀጭን ልጅ ተነሳና ተራውን በስልክ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቻለሁ አለ። ገበሬው ሲመዘገብ ተራው በአጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ዝርዝሩን ሁሉም ያየዋል፤ ማንም ከመሃል አይገባም። ኮዱም ክፍት ነው አለ፤ የፈለገ ሰው ወስዶ ሊያነበው፣ ሊቀይረው፣ ሊጠቀምበት ይችላል። በነጻ።

በነጻ የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተነሳሁ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በነጻ የሰጠኸን ነገር ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

«እኔ።»

«በነጻ?»

«አይደለም። ነጻ የሆነው ፕሮግራሙ ነው፤ እኔ ነጻ አይደለሁም። ለመትከል፣ ለማሠልጠን፣ በአጨዳ ወቅት ስልክ ለማንሳት ትከፍሉኛላችሁ።»

«ሌላ ሰው ኮዱን ወስዶ በርካሽ ቢጠግንልንስ?»

«ይጠግንላችሁ። ከእኔ ከተሻለ ይገባዋል።»

«ውል አለህ?»

ኪሱን ዳበሰ። መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ።

«ልቡ ጥሩ ነው፤» አልኩ ወደ ገበሬዎቹ ዞሬ። «ውል ግን የለውም።»

ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ ጠበቀኝ። ሊጣላኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ዓይኔን እያየ፣ «ውሉን አንቺ ትጽፊልኛለሽ?» አለኝ። ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቀረ።

እንዲህ ጀመርን። እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ውሉን። እሱ ለሰው ሁሉ ይሰጣል፣ እኔ ከሚገባው ሰው አስከፍላለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ማኅበር ወደ ሃያ አንድ አደግን፤ በአጨዳ ወቅት ስልክ የሚያነሱ አራት ልጆች ቀጠርን። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ኮዱን ወስዶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ አርሲ ውስጥ መሸጥ የጀመረ ቀን ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

«መብታቸው ነው፤» አለ ብሩህ።

«ያንተን ልፋት ሸጠው መብላት?»

«ለዚያ ነው ክፍት ያደረግኩት።»

«አንተ በርህን ከፍተህ ትተኛና ሌባ ሲገባ እንኳን ደህና መጣህ ትላለህ።»

«ሌባ ከገባ በኋላ ቤቱ ሳይጎድል ካለ፣ ሌባ አይደለም።»

በዓመቱ የድርጅቱ ደንበኞች ወደ እኛ መጡ፤ ኮምባይነር ማሳ ላይ ቆሞ ስልክ ሲደውሉ ድርጅቱ አያነሳላቸውም ነበር። ብሩህ ልክ ነበር። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

አንድ የሥራ ደንብ ነበረን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ከየትም ያለ ሰው ማስተካከያ ሊልክ ይችላል። ሁለት ሰው ሳያየው ግን ምንም ነገር አይገባም። መጀመሪያ ብሩህ ኮዱን ያነባል፤ ከዚያ እኔ በእውነተኛ የገበሬዎች ዝርዝር እሞክረዋለሁ። «ይግባ» ወይም «ይዘጋ» የሚለው የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር።

ፍቅር የሚባል ቃል በመካከላችን አልተነገረም። ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ወደ ጎባ የሚሄደው ሚኒባስ ድረስ ይሸኘኛል። መኪናው እስኪሞላ፣ ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ፣ መኪናው አደባባዩን እስኪዞር ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቀን ዝናብ ሆኖ ሂድ ስለው «እሺ» አለና ቆመ። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፤ እሱ ያየኛል። ለእኔ ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልግም ነበር። ሞኝነቴ ይህ ነው፤ የሕግ ሰው ሆኜ ያልተጻፈ ነገር አመንኩ።

ከዚያ ሰቢሪና መጣች።

መጀመሪያ የመጣችው በማስተካከያ ነው። የሮቤ ልጅ ናት፤ አዳማ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ፕሮግራሙን አባቷ ስልክ ላይ አይታ ወደደችው። የላከችው የመጀመሪያ ማስተካከያ መልእክቶቹ በአፋን ኦሮሞ ሲጻፉ ቃላቱ የሚቆረጡበትን ችግር ፈታ። ብሩህ አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተለጠጠና ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«እኔ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን በአሥር መስመር ጨረሰችው።»

«ታዲያ ይህ ያስቃል?»

«ደስ ይላል።»

እኔ በጻፍኩት ውል እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ለቅናተኛ ሰው ከክፍት ኮድ የባሰ መርዝ የለም። ሌላዋ ሴት የወንድ ስልክ ተደብቃ ትበረብራለች፤ እኔ መደበቅም አላስፈለገኝም። ማን ምን እንደላከ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም ማስተካከያ በሚላክበት፣ ለሰው ሁሉ ክፍት በሆነው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ተዘርግቷል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ «ሰላም ብሩህ» ትለው ነበር። ከሦስተኛው ማስተካከያ ጀምሮ «ብሩህዬ» ሆነ። እሱ ለእኔ «እሺ ገላኔ» ብሎ በሁለት ቃል ሲመልስ፣ ለእሷ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ይጽፋል። ግማሹ የማላውቀው ቋንቋ ነው፤ የኮድ ቋንቋ። ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲቀና እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቃል።

በሚያዝያ አንገቱ የምትባል ከተማ የቡና ማኅበር ጠራን፤ ለቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተራ እንድንሠራላቸው። ከጎባ መኪና ተከራይተን የሰነቲን አምባ አቋርጠን ወደ ሃረና ደን መውረድ ነበረብን። አምባው ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። እኔም ወረድኩ። ነፋሱ ሹራቤን አልፎ አጥንቴ ጋ ደረሰ። ብሩህ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ የኮሌታውን ቁልፍ ቆለፈልኝ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓይኑ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ገላኔ፤» አለ።

«አቤት።»

ሊናገር ነበር። እስከ ዛሬ እምላለሁ፣ ሊናገር ነበር። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ኔትወርክ አገኘና ኪሱ ውስጥ ተንጫጫ። አወጣው። የሰቢሪና ዘጠኝ መልእክት። አነበበ፤ ፈገግ አለ፤ «ስህተቱን አገኘችው፣ አገኘችው» እያለ ወደ መኪናው ሮጠ። ጃኬቱን መለስኩለት። አንገቱ ከተማ እስክንደርስ አላናገርኩትም። እሱም ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ለአረፋ በዓል ሰቢሪና ወደ ቤተሰቦቿ መጣችና ቢሮአችንን አንኳኳች። አረንጓዴ ሻሽ፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ የሚያስቀና ሳቅ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ገላኔ አንቺ ነሽ? ወላሂ፣ በጽሑፍ ስትቆጪ ረጅም ነበር የምትመስይኝ።»

«በአካልም እቆጣለሁ፤ ቁመት አይጠይቅም።»

«ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገው ይህ ሰው። ካልጠበቅሽው ሱሪውንም ክፍት ኮድ ነው ብሎ ይሰጣል።»

ብሩህ ከልቡ ሳቀ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። ለዚህም ጠላኋት።

ሁለቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ አሉ። እኔ የቆየ ውል አወጣሁና እያነበብኩ መሰልኩ። እሷ አንድ ቃል ስትል እሱ ሌላውን ይጨርሳል። ጣቷን መስመር ላይ ስታደርግ እሱ «አዎ፣ አዎ፣ እዚያ ጋ» ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ቦርሳዬን ያዝኩ። «ሄድኩ» አልኩ።

«እሺ ገላኔ፤» አለ ብሩህ፣ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል።

የዚያን ቀን ሚኒባሱን ብቻዬን ጠበቅሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። መኪናው ሲነሳ አደባባዩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አጨዳ ሊጀምር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ የሰቢሪና ሰባተኛ ማስተካከያ መጣ። ከላይ የጻፈችው ይህ ነው፦ «ብሩህዬ፣ ይህ ከአጨዳ በፊት ይግባ። እስከ አያት ሦስት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰው ስልክ ከተመዘገቡ ፕሮግራሙ አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። የእናት ስምና ጎጥ እንዲጠይቅ አድርጌዋለሁ።»

ብሩህ አነበበው፤ «ግሩም ነው፣ ሞክሪው» ብሎ ወደ አጋርፋ ለሥልጠና ሄደ። ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። እንከን አልነበረውም። ለአንድ ሰዓት ያህል ስክሪኑ ላይ ያችን «ዬ» አየኋት። ከዚያ «በሙከራ አልሠራም» ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት።

ሐሰት መሆኑን አውቄ ነው የጻፍኩት። ስናደድ አላየሁም፣ አልገባኝም የምል ሰው አይደለሁም። አውቄ ነው።

ሰቢሪና በማግሥቱ «የትኛው ስም ላይ ነው ያልሠራው?» ብላ ጠየቀች። አልመለስኩም። ከሳምንት በኋላ «ገላኔ እህቴ፣ እባክሽ፣ አንድ ምሳሌ ብቻ ስጪኝ» አለች። አልመለስኩም። ብሩህ ገጹን አየው። ምንም አልጠየቀኝም። አመነኝ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ጠዋት የቢሮው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ገቡ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አራገፉት። የስንዴ ዛላ ነው፤ እዚያው ዛላው ላይ አረንጓዴ አብቅሏል።

«የስልኩ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አዴ። ምን ሆኑ?»

«ስልኩ ‹ከሚላ ሁሴን አህመድ ታጭዶላታል› ይላል። ከሚላ ሁሴን አህመድ እኔ ነኝ። ማነው ያጨደልኝ? ጅን ነው?»

ደብተሬን ስቤ ስማቸውን ጻፍኩ።

«ኮምባይነሩን በዓይኔ እያየሁት በጎኔ አልፎ ሄደ። ቁም ብዬ ለመንኩት። ሹፌሩ ስልኩን አሳየኝ፤ አንቺ ታጭዶልሻል አለኝ። ከዚያ አላህ ሦስት ቀን ዝናብ አወረደ። ኢንታላ፣ ልጄ፣ እኔ ባል የለኝም። ያለኝ ይህ ማሳ ነው።»

ብሩህ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። ወንበር አቀረበላቸው፤ ተጎንብሶ «አዴ ከሚላ፣ እናጣራለን» አላቸው። አልተቀመጡም። ዛላውን እዚያው ትተው ወጡ።

ለማጣራት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። በአዴ ከሚላ ማኅበር ሁለት ከሚላ ሁሴን አህመድ አሉ፤ ሁለቱም በጸሐፊው ስልክ ተመዝግበዋል። የአንዷ ሲታጨድ ፕሮግራሙ የሁለቱንም ተራ ዘጋ። ብሩህ ክፍቱን ገጽ አወጣ። ሰባተኛው ማስተካከያ። «በሙከራ አልሠራም።» ስሜ። ቀኑ። ሰዓቱ። ከሥሩ የሰቢሪና ሁለት ጥያቄ፣ መልስ የሌለው።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«የሞከርሽበት ዝርዝር አሮጌው ሊሆን ይችላል፤» አለ ቀስ ብሎ። «አሮጌው የጎጥ ስም የለውም። በእሱ ከሞከርሽው አይሠራም።»

በር እየከፈተልኝ ነበር። አዎ ብል ያበቃል። እሱ ያምነኛል፣ ሰቢሪና ትረሳዋለች፣ ለማኅበሩ የቴክኒክ ስህተት ነበር እንላለን። በሕግ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ እንኳ ወዲያው በጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፏል። እሱን ላለማጣት ማለት ያለብኝ አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አዲሱ ዝርዝር ነው፤» አልኩ። «ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሠርቷል።»

«ታዲያ ለምን?»

«‹ብሩህዬ› ስለምትልህ።»

የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ቢጮህ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ሰነቲ፣ ስለ ዘጠኙ መልእክት። አልጮኸም። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ዛላ አነሳ፤ አየው፤ ኪሱ ከተተውና ወጣ።

የማኅበሩን የሽምግልና ኮሚቴ የጠራሁት ራሴ ነኝ። ሰባት ሽማግሌዎች በመጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ኦቦ ዳቢሴ ናቸው። የማኅበሩ ጸሐፊ ጀይላን ቃለ ጉባኤ ይይዛል። አዴ ከሚላ በአንድ ወገን፣ ብሩህ በሌላው። ያደረግኩትን አንድ በአንድ ተናገርኩ።

«ማሽኑ አይደለም ያጠፋው እያልሽ ነው?» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

«መድኃኒቱ እጅሽ ላይ እያለ?»

«አዎ።»

«ምክንያትሽ ምንድን ነው?»

«ቀንቼ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጀይላን ብዕሩን አነሳና እንዴት እንደሚጽፈው ግራ ገባው። ኦቦ ዳቢሴ ወደ ብሩህ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህች ልጅ ሚስትህ ናት?»

«አይደለችም።»

«እጮኛህ ናት?»

«አይደለችም።»

«ምንህ ናት ታዲያ?»

አየሁት። መሬት መሬት ያያል። መጋዘኑ ውስጥ ርግቦች ጣሪያው ላይ ሲራመዱ ይሰማል።

«የሥራ ባልደረባዬ ናት፤» አለ።

ጀይላን ጻፈው። የብዕሩ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ኦቦ ዳቢሴ ወደ እኔ ተመለሱ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ያዘኑልኝ ይመስሉ ነበር። «ሕግ ተምረሻል ይሉኛል። በምን መብት ነው የቀናሽው?»

አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ በስንት ስብሰባ ስንቱን አፉን አስይዤ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ውል የለኝም። ቃል የለኝም። ያለኝ የሚኒባስ መስኮት ብቻ ነው።

ፍርዱ አጭር ነበር። ለአዴ ከሚላ የጠፋባቸውን ያህል ስንዴ በስንዴ ልተካ፤ ያደረግኩትንም ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጻፍ። በዚያው ቀን ማስተካከያውን ከፍቼ አስገባሁት። ከሥሩም ጻፍኩ፦ «ይህን ማስተካከያ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይሠራ ነበር። የዘጋሁት በግል ምክንያት፣ በቅናት ነው። ሰቢሪና ጥፋት የለባትም። ብሩህም አያውቅም ነበር።» ሦስት ማኅበራት ውላቸውን አቋረጡ። መብታቸው ነው፤ ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንቀጹን አውቀዋለሁ።

ሰቢሪና በክፍቱ ገጽ ላይ የመለሰችው አንድ ቃል ነው፦ «ተቀብያለሁ።» በስልኬ ግን ሌላ ላከችልኝ። «ገላኔ፣ አልተሳሳትሽም። ወድጄዋለሁ። እሱ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ በእኛም ቤት በእሱም ቤት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እሱም እንዲህ ያለ ነገር አስቦ አያውቅም። የሚያስበው ስለ ማን እንደሆነ ለአረፋ ስመጣ አይቻለሁ፤ አንቺ ከወጣሽ በኋላ ሦስት ጊዜ ‹ሚኒባሱ ሞልቶ ይሆን?› አለኝ። ጥርጣሬሽ ልክ ነበር። የሠራሽው ግን ግፍ ነው። ሁለቱን አትደባልቂያቸው።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ቃል እንኳ የምከራከርበት አላገኘሁም። እንዲህ ዓይነት ሴት መጥላት እንዴት እንደሚከብድ አሁንም አልነግራትም።

ብሩህ ዘጠኝ ቀን ቢሮ አልመጣም። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው እየዞረ ዝርዝር ሲያስተካክል እንደነበር ነገሩኝ። አሥረኛው ቀን ጎባ፣ አባቴ ግቢ ስንዴ ስጭን ነበር። አባቴ አቶ ኃይለገብርኤል ምክንያቱን ሲሰማ ትክ ብሎ አይቶኝ «እናትሽን ነው የወጣሽው» ብሎ የጎተራውን ቁልፍ ከመስጠት በቀር ምንም አላለም። ፒክአፑ ላይ አራተኛውን ጆንያ ስታገል ሌላ እጅ በወዲያኛው ጫፍ ያዘው። ብሩህ ነው። ሰላምታም አልሰጠኝ፤ እኔም አልሰጠሁት። ጭነን ጨረስን። ገቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲናና ደረስን።

አዴ ከሚላ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ሲወርድ ቆጠሩ። የመጨረሻው ጆንያ ሲወርድ ወደ ብሩህ ቀረብ አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ።

«የእኔ ስንዴ የበቀለው ለዚህ ነው?»

«አዎ አዴ፤» አልኩ።

«ቀጭን ነው።»

«ነው።»

«ቆንጆም አይደለም።»

«አይደለም።»

«ኢንታላ፣ እኔም ወጣት ሳለሁ ቀንቻለሁ። የሰው ማሳ ግን አልነካሁም።» ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ ውሃ ሊያመጡልን።

ብሩህ የመኪናውን በር ተደግፎ እጁ ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈ ነበር።

«ያን ቀን ኦቦ ዳቢሴ ሲጠይቁኝ፤» አለ።

«ሰምቻለሁ። የሥራ ባልደረባህ ነኝ።»

«ለአንቺ ሳልናገር ለሰባት ሽማግሌ መናገር አልፈለግኩም።»

ልቤ ቆመ። አፌ ግን አልቆመም። «ሦስት ዓመት ነበረህ። ከዚያም ዘጠኝ ቀን።»

«ዘጠኙን ቀን ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። አዴ ከሚላን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።»

«ተናደድ። ይገባሃል።»

«ሦስቱን ዓመት ግን ምን እንደምል አላውቅም። በየቀኑ ሚኒባሱ ሲሄድ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ ስትመጪ ከሰው ጋር እየተጣላሽ ነው የምትገቢው።»

ልስቅ አልፈለግኩም። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ እንደ ሰነቲው ቀን ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ። በዚህ ጊዜ የማንም ስልክ አልጮኸም።

«እወድሻለሁ ገላኔ።»

«ሰቢሪናስ?»

«ጎበዝ ናት። ከእኔ ትበልጣለች። ሥራዋን እፈልገዋለሁ፤ አልከለክላትም፣ አንቺም አትከልክዪኝ።»

«አልከለክልህም። እቀናለሁ ግን።»

«ቅኚ። አትዝጊ።»

ይህን ባይል ኖሮ አላገባውም ነበር። ሴትን ቅናትሽን ተዪ የሚል ወንድ ውሸት እያስተማራት ነው። እኔን የጠየቀኝ የምችለውን ነው። እኔም የሚችለውን ጠየቅሁት።

«በቃለ ጉባኤ ላይ የተናገርከው ቃል ተጽፏል። ሄደህ ታስተካክለዋለህ።»

«ማክሰኞ ስብሰባ አላቸው፤» አለ።

ማክሰኞ ሄድን። አዴ ከሚላም ስንዴውን መቀበላቸውን ሊፈርሙ መጥተው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ብሩህ እጁን አወጣ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ቃል ይታረምልኝ። ‹የሥራ ባልደረባዬ ናት› የሚለው።»

«ውሸት ነበር?» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

«ውሸት አይደለም። አልተሟላም።»

ጀይላን ገጹን አገላብጦ አገኘው፤ በላዩ መስመር አሰመረ። «በምን ልተካው?»

ብሩህ ወደ እኔ ዞረ። ሰባቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ። ጆሮው ቀልቷል። ለዚህ ሰው የሚሆን ስንት ስድብ፣ ስንት ክርክር አከማችቼ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

«እጮኛዬ በለው፤» አለ ብሩህ። «እሷ ከተስማማች።»

«ተስማምቻለሁ፤» አልኩ። 

ጀይላን ጻፈ። ኦቦ ዳቢሴ ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ከበሩ አጠገብ አዴ ከሚላ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የሠርጉንም ቀን ጻፍበት። ይህን ልጅ ከተዋችሁት፣ ነገ ነገ እያለ ዝናብ ካልመጣበት አያጭድም።»